አቶ ደመቀ ከውድድሩ ባይወጡስ ኖሮ?

ሻይ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የምንለው ክርክር አለን። ደጋግመን የምናነሣውም የመጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሊቀ መንበር ምርጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን መልቀቃቸውን አስታወቁ። ከአራቱ ድርጅቶች አርባ አምስት አርባ አምስት ሰዎች ያሉበት የ180 ሰው ምክር ቤት ተሰበሰበ። አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከእጩነት አወጡ። ዶክተር ዐቢይ አህመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አቶ ደመቀ ባይወጡና 108ቱ ድምፅ ለሁለት ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው 54 ይደርሳል። በቆጠራው ቀዳሚ የሚሆኑት እንግዲህ በ59 ድምፅ አቶ ሽፈራው ናቸው! ድምፁ ምስጢር ስለ ነበር ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የመንገዱን ጥበት ግን ያሳያል።

ታዲያ አቶ ሽፈራው ቢያሸንፉ ምን ይለወጥ ነበር? ብዙዎቻችን «የእስር ቤቱ በር አይከፈትም ነበር» እንላለን። ለዚህ መልሱ ያለው አቃቂ ቃሊቲ ነው። አቶ እስክንድር ነጋና አቶ አንዷለም አራጌ ከቃሊቲ ወህኒ ቤት የወጡት የካቲት 7 ቀን ነው፤ ከምርጫው ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ፣ አቶ ኃይለ ማርያምም መልቀቃቸውን ከማስታወቃቸው በዋዜማው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀኖች የኦሮሚያ ከተሞች ሥራ አቁመው ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልል ስንት ወጣት ወድቋል! በሩን ያስከፈተው ይህ ነው እንጂ የ180ው ስብሰባ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ሰውም ለውጥ ያመጣል። በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲተካ ሕወሓት ውጭ ቀረ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ። በሌላ ሊቀ መንበር ይህ ይቀር ነበር ብሎ የሚምል ሰው ቢኖር አላምነውም፤ አይቀርም ነበር ብሎ የሚምለውንም እንዲሁ።

በእንግሊዝም በ1994 እ.ኤ.አ. ጎርደን ብራውን ለቶኒ ብሌር ሲሉ ከሌበር ፓርቲ የመሪነት ውድድር ቀርተዋል። ነገር ግን በዚያ ምርጫ የፓርቲው ተራ አባላትና የሠራተኛ ማኅበራት ሰዎችም ድምፅ ሰጥተዋል። በእኛ አገር ግን የአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኛ ውጤቱን እንደ ማንም በዜና ሰማ። ያን ጊዜ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤቱን ወንበር ሁሉ ይዘው ስለ ነበር፣ የፓርቲው ሊቀ መንበር ሆኖ መመረጥ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን ማለት ነበር፤ ዶክተር ዐቢይም መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክራችን «እገሌ ቢመረጥ ኖሮ» ከማለታችን በፊት «መራጩ ማን ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሕዝብ በሩን አስከፈተ፤ በተከፈተው በር ማን ይግባ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። የአገር ዕድል አንድ ሰው ከእጩነት በመውጣቱና ባለመውጣቱ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ የወጣው ሰው አይደለም፤ የአዳራሹ ጥበት ነው። እኛም ነገ በየፓርቲውና በየማኅበሩ ስንገባ ልናሰፋው የሚገባን ይህንኑ አዳራሽ ነው።