ባልና ሚስት፣ ሁለት ደመወዝና አንድ የግብር ዕዳ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የቤታቸውን የባንክ ዕዳ ከውጭ አገር በሚላክላቸው ገንዘብ የሚከፍሉ ቤተሰቦች አሉ። በ20/80 ፕሮግራም ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን ለንግድ ባንክ በየወሩ ሲከፍል፣ ዋሽንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም ወይም እህት ማገዙ የተለመደ ነው። ታዲያ ሚያዝያ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚሰማው ቃል የሚለወጥበት ጊዜ አለ። «ግብር መጣብንና በዚህ ወር አልቻልንም» ይባላል። እዚህ ያለው ቤተሰብ ነገሩን እንደ ሰበብ ቢወስደው አይፈረድበትም። ከደመወዙ ላይ ግብር እየተቆረጠ የሚከፈለው ሰው በዓመቱ መጨረሻ እንደገና የምን ዕዳ ይመጣበታል? ብሎ መጠየቅ ለአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሰበብ ሳይሆን ሒሳብ ነው።

አሜሪካ ከደመወዝ ላይ ግብር ቀንሶ የማስቀረትን ሥርዓት በስፋት የጀመረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው ሲያስታውቁ ድምሩ ለሁለት እንደተከፈለ ተቆጥሮ ግብሩ እንዲሰላላቸው ተፈቀደ። ችግሩ የሚፈጠረው ሁለቱ ሥርዓቶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ግብሩ የሚሰላው በባልና ሚስቱ ድምር ገቢ ላይ ሲሆን፣ ተቀናሹን ግን እያንዳንዱ ቀጣሪ ለብቻው ያሰላል። የባል መሥሪያ ቤት የሚስትን ደመወዝ አያውቅም፤ የሚስትም መሥሪያ ቤት የባልን አያውቅም።

እያንዳንዳቸው በዓመት 60,000 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስትን ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለባልና ሚስት ከግብር ነጻ የሚደረገው መደበኛ ተቀናሽ 29,200 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው የመጀመሪያው 23,200 ዶላር 10 በመቶ፣ ቀጥሎ ያለው እስከ 94,300 ድረስ 12 በመቶ የፌዴራል ግብር ይከፈልበታል። የባል ቀጣሪ «ያገባ» የሚለውን ብቻ አይቶ 29,200ውን ሙሉ በሙሉ ይቀንስለታል፤ በቀሪው 30,800 ዶላር ላይም 3,232 ዶላር ግብር ያስቀራል። የሚስትም ቀጣሪ ይህንኑ ይደግማል። በዓመቱ ከሁለቱ የተቆረጠው 6,464 ዶላር ነው።

ገቢያቸው ተደምሮ 120,000 ሲሆን ግን 29,200ው የሚቀነሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቀሪው 90,800 ዶላር ላይ የሚደርስባቸው ግብር 10,432 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 3,968 ዶላር ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. እስከ አፕሪል 15፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሚያዝያ 7፣ እንዲከፍሉ ይጠበቃል። ከዚህ ውስጥ 3,504ቱ የመጣው ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ ሁለት ጊዜ በመቀነሱ፣ 464ቱ ደግሞ ዝቅተኛው የ10 በመቶ እርከን ሁለት ጊዜ በመቆጠሩ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እነዚሁ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ ለየብቻቸው ቢከፍሉ ኖሮ እያንዳንዳቸው 5,216 ዶላር፣ በድምሩ ያንኑ 10,432 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ በእነርሱ ላይ ጋብቻው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የጨመረ የመሰለው ግብር በየክፍያው ሳይቆረጥ ቀርቶ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ለቤት ኪራይና ለአዲስ አበባ ሐዋላ የወጣው ገንዘብ ነው። የተበላ ገንዘብ ደግሞ ሲጠየቅ ቅጣት ይመስላል። እውነተኛ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ቀሪው ዕዳ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ የተከፈለውም ከዓመቱ ግብር 90 በመቶ ወይም፣ ለአብዛኛው ደመወዝተኛ፣ ካለፈው ዓመት ግብር 100 በመቶ ካልሞላ በተጨማሪ ያስከፍላል።

መድኃኒቱ አንድ ምልክት ነው። ሠራተኛው ለቀጣሪው የሚሞላው ደብልዩ ፎር የተባለው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሻሻል፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለቱም ተጋቢዎች ሥራ ካላቸው ምልክት የሚያደርጉበት ሳጥን ተጨምሮበታል። ሁለቱም በየቅጻቸው ላይ ምልክት ካደረጉ እያንዳንዱ ቀጣሪ የመነሻውንም የእርከኖቹንም ግማሽ ብቻ ይይዛል፤ ከላይ ባለው ምሳሌም ዕዳው ዜሮ ይሆናል። አንደኛው ብቻ ምልክት ቢያደርግ ግን ጉድለቱ አይሞላም። ደመወዛቸው በጣም የሚበላለጥ ከሆነም በየክፍያው ተጨማሪ የሚቆረጠውን መጠን ቅጹ ላይ ማስፈሩ ይሻላል።

በእኛስ አገር?

የኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ ባልና ሚስትን ለየብቻ ነው የሚያየው። በንብረት ረገድ ነገሩ የተለየ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 የተጋቢዎችን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ለቤተሰብ ሕግ አንድ የሆኑት ለግብር ሕግ ሁለት ናቸው ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለ ወዲህ የደመወዝ ግብር በወር እስከ 2,000 ብር ነጻ ሆኖ ከ15 በመቶ ይጀምራል፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል።

በዚህ መሠረት የካ አባዶ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ባል 12,000፣ ሚስት 8,000 ብር ደመወዝ ቢኖራቸው፣ ከባል 2,250፣ ከሚስት 1,150፣ በድምሩ 3,400 ብር ይቆረጣል። ነገሩ በዚያው ያልቃል። በዓመቱ መጨረሻ «ደምሩና ጨምሩ» የሚላቸው የለም። ይህም ሊጠበቅ የሚገባው መልካም ነገር ነው። ሥራ የምትጀምር ሚስት የመጀመሪያዋ ብር ከባሏ ከፍተኛ እርከን ላይ ሳይሆን ከዜሮ ይነሳላታል። እንግሊዝ እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚስትን ገቢ እንደ ባል ገቢ ትቆጥር ነበር፤ ያንን አሠራር የተወችው በምክንያት ነው።

ነገር ግን የአሜሪካኑን ባልና ሚስት የጎዳው ቀዳዳ እኛም ዘንድ አለ። እዚህ የሚመታው ሁለት ሥራ የሚሠራውን አንድ ሰው ነው። ቀን በአንድ ትምህርት ቤት፣ ማታ በሌላ ተቀጥሮ የሚያስተምር መምህርን እናስብ። ከአንዱ 12,000፣ ከሌላው 8,000 ብር ቢያገኝ ሁለቱ ቀጣሪዎች የሚቆርጡት እንደ ባልና ሚስቱ 3,400 ብር ነው። ሕጉ ግን አንድ ሰው በወሩ ውስጥ ከመቀጠር ያገኘውን ገቢ በድምሩ ነው የሚያየው። የ20,000 ብር ግብር 4,950 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 1,550፣ በዓመት 18,600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ማንም ሳያነሳው ተከማችቶ አንድ ቀን ቢጠየቅ መቀጫና ወለድ ሊታከልበት ይችላል። ቀጣሪዎቹ የየድርሻቸውን በትክክል ቆርጠዋል፤ መምህሩም የደበቀው ነገር የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።

በኑሮ ውድነት ምክንያት ሁለተኛ ሥራ የሚፈልገው ሰው በበዛበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ቀጣሪዎች በየወሩ የሠራተኞቻቸውን ደመወዝና ተቀናሽ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጋር ያስታውቃሉ። አንድ ቁጥር በሁለት ቀጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ የገቢዎች ሚኒስቴርና የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ መረጃውን አገናኝተው ሠራተኛውን በዚያው ወር ቢያሳውቁት፣ ልዩነቱ በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል። ከዓመታት በኋላ ፈልጎ መቅጣት ለመንግሥትም ገቢ አያፋጥንም፤ ለሠራተኛውም አቅም አይተውም።

እስከዚያው ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው ከሁለቱም ቀጣሪዎች የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ ድምሩን ራሱ ቢያሰላና የግብር መሥሪያ ቤቱን ቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ባሕር ማዶ ያሉት ባልና ሚስትም ሚያዝያን ሳይጠብቁ ቅጻቸውን ያስተካክሉ። በየክፍያው የምትጎድለው ገንዘብ ብትቆጭም፣ የየካ አባዶው የባንክ ክፍያ በሚያዝያ እንዳይቋረጥ ታደርጋለች።