ከቀለሙ ስር ያለው ሞተር

«ስሚ፣ ይቺን ሞተር ቀለም ቀብቼ ልሸጣት ነው። ታግዢኛለሽ።»

እንዲህ ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ባለፈው መስከረም፣ ዝናቡ ለቀቅ ሲያደርግ። እንዳስተዋላችሁት ጥያቄ አይደለም። በጋዜጠኝነት ተመርቆ እቤት የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ትርፍ ጊዜ አለው ተብሎ ነው የሚታሰበው። (አለኝም፤ እሱን እንኳን አልክድም።) እናም ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ ወደ ጭሮ ገበያ ወጣሁ። አባታችን እስከ ዛሬ «አሰበ ተፈሪ ገበያ» ነው የሚሉት፤ ገበያው ግን ያው ነው።

ጋራዥ ለምን አልወሰዳትም ትሉኝ ይሆናል። ወስዷት ነበር፤ ዋጋውን ሰምቶ መለሳት እንጂ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ያኔ ለብዙዎቻችን የባንክ ወሬ መስሎን ነበር። የባንክ ወሬ ብቻ አለመሆኑ የሚገባችሁ አንድ ጣሳ ስፕሬይና አንድ ሊትር ቲነር ልትገዙ ስትሄዱ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከሱቅ፣ ጉልበቱ ከቤት ብለን ተነሳን።

ምዕራብ ሐረርጌን ለማታውቁ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከመንገዷ ስታስወጣ፣ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እዚያ ሞተር ተጠርጣሪ ነው። እዚህ ግን እግር ነው። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ ወይም ከገለምሶ ወጣ ስትሉ መኪና የማይደርስበት ተራራ ብዙ ነው። ጫት ሳይጠወልግ ገበያ የሚደርሰው፣ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በሞተር ነው። ወንድሜም እንጀራው ከኋላው በሚጭነው ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ቀለም መቀባት ማለት መቀባት የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ሥራው መፈተግ ነው። መጀመሪያ ቤንዚኑ ተገልብጦ ሰልባትዮው ይወርዳል፤ ፓራፋንጎውና የጎን ሽፋኖቹ ይፈታሉ። (በነገራችን ላይ ሰልባትዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ... ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ እንደቀሩ ናቸው።) ከዚያ ቅባቱ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ሳይታጠብ ከተፈተገ ቅባቱ ከብረቱ ውስጥ ይገባና አዲሱን ቀለም አላስይዝ ይላል። ዝገቱንና አሮጌውን ቀለም በሻካራው ወረቀት፣ ከ180 እስከ 240 ቁጥር ባለው፤ ቀጥሎ በ400፤ መጨረሻ ላይ ውሃ እየነከሩ በ800። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈተግን። የጣቴ አሻራ የጠፋ መሰለኝ።

ታሪኩ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው።

ወንድሜ ሞተሯን የገዛት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ደማቅ ቀይ ሆና፣ እንደ አዲስ እያብለጨለጨች ነበር። ስንፈትግ ከቀዩ ስር ሰማያዊ ወጣ። ከሰማያዊው ስር ጥቁር። ሰልባትዮው ላይ ይህ አስቂኝ ነበር፤ «ሊብሬው ላይ የተጻፈው የትኛው ቀለም ነው?» እያልን ሳቅን። (ጥቁር ነው።) ሻንሲው ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ። መሪው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ከቀለሙ ስር ብረት ሳይሆን ስቱኮ መጣ። ስቱኮው ሲነሳ ደግሞ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ።

ሦስት ዓመት ሙሉ! ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በዚያ ሁሉ ቁልቁለት፣ በዚያ ሁሉ ኩርባ፣ ከኋላው ሰው ጭኖ ሲወርድበት የኖረው አንገት ነው። የፊት ጎማ የሚመታው ጉድጓድ ሁሉ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚመጣው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እሱ ከለቀቀ መሪ የሚባል ነገር የለም።

ወንድሜ ዝም ብሎ አየው አየውና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስቱኮ ግዢልኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«እንደነበረው ላደርገው ነዋ! እኔ ስገዛ ማን ነገረኝ? አቦ ተይኝ!»

እውነቱን ለመናገር ንዴቱ ገብቶኛል። ተታልሎ ነው የገዛው። ያታለለው ሰው ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። አሁን እውነቱን ተናግሮ በርካሽ ቢሸጥ የሌላውን ሰው ውሸት በራሱ ኪስ ሊከፍል ነው። «ገዢ ዓይኑን ይግለጥ» የሚለው አባባል በእኛ ገበያ ሕግ ሆኖ የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ሻጭ ቀድሞ የተታለለ ገዢ ነው። ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ኪሳራው እሱ እጅ ላይ እንዳይቀር ስለሚፈልግ ያሻግረዋል። ቀዩ ለሰማያዊው፣ ሰማያዊው ለጥቁሩ እየተቀባበሉ፣ ስንጥቁ ግን በየእጁ እየሰፋ ይሄዳል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቀለም ሁለት ሥራ አለው፤ ብረትን ከውሃና ከአየር ለይቶ ከዝገት ያድናል፣ ዓይንንም ደስ ያሰኛል። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ድሃ ነህና አሮጌ ሞተርህ አሮጌ መስላ ትኑር የሚል ሕግ የለም። ሦስተኛው ሥራ፣ ስብራትን መደበቅ፣ ግን የቀለም ሥራ አይደለም። «ሁሉም ያደርገዋል» ለሰልባትዮ ጭረት ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ለሻንሲ አንገት አያስኬድም። ምክንያቱም ያኔ የያዝኳችሁ ነገር አለ፤ ከኋላ የሚጫነው ሰው። ገዢው ዓይኑን ይግለጥ እንበል፤ ከኋላው የተቀመጠችው እናትስ ምኑን ልትገልጥ ነው? እሷ ሞተሯን አልገዛችም፤ ዋጋ የተከራከረችው ለመንገዱ ብቻ ነው።

ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ሻንሲውን ይዞ ሰፈራችን ካሉ አንድ አንጋፋ ባትላሜራ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልጄ፣ ስቱኮ ለፊት ነው፤ ይህ አጥንት ነው» አሉት። ስንጥቁን እስከ ጫፉ ከፍተው ካጸዱ በኋላ በየዱት፤ ላዩ ላይም የማጠናከሪያ ላሜራ ጨመሩበት። ያስከፈሉት ገንዘብ ጋራዡ ለቀለም ከጠየቀው ያንሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ የሚለው ክፍል ነው። እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ ከእኛ ስህተት ተማሩ። ቀለሙን የምትረጩት ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይሁን፤ ግቢው አቧራ ከሆነ አስቀድማችሁ ውሃ እርጩበት። ዝናብ ባለበት ቀን አትሞክሩት፤ እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። መጀመሪያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለሙ ሦስት አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ፣ በየመሐሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያረፉ። እኔ ተቻኩዬ አንዴ አወፈርኩትና እንደ እንባ ወረደ፤ እንደገና ፈተግን። የሻንሲ ቁጥሩን በፕላስተር ሸፍኑት፤ የማይነበብ ቁጥር ያለው ሞተር ይዞ ከትራፊክ ጋር መከራከር አያምርም። ቀለሙን ልትቀይሩ ካሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ቀለም ሊብሬ ላይ ይጻፋል። እኛ ወደ ጥቁር መለስናት።

አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ደጅ ሥሩ። አንድ ነገር ግን አደራ። እማዬ «ደክሟችኋል» ብላ የከሰል ምድጃዋን አጠገባችን አምጥታ ቡና ልታፈላልን ነበር። የቲነርና የቤንዚን ትነት እሳት ይስባል፤ ባዶ ሰልባትዮ ራሱ ትነቱ ስለማይወጣለት አደገኛ ነው። ቡናው ከግቢው ማዶ ተፈላ፤ ጣዕሙ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ሽያጩ። የእኔ አስተዋጽኦ ስልኬ ነበር። ስንጥቁን ስናገኘው፣ ሲበየድ፣ አንቲረስት ሲቀባ፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ነበር። (ይኸው የተማርኩት ሙያ ጠቀመ!) ገዢው ከገለምሶ የመጣ ልጅ ነው። ወንድሜ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየው። ልጁ ፎቶውን አየ፣ አንገቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ዋጋ ቀነሰ። ወንድሜ ተከራከረ፤ መሐል ላይ ተገናኙ። ካሰበው ያነሰ ነው ያገኘው፤ ይህን አልደብቃችሁም። ማታ እራት ላይም ደጋግሞ አስታውሶኛል።

እኔ ግን የምለው ያው ነው። አሮጌ ሞተር ቀብቶ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ብረቱ ራቁቱን ሲሆን አንድ ፎቶ ያንሳ። የሚገዛም ሰው «የብረቱን አሳየኝ» ይበል፤ ፎቶ ከሌለ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ይዞ ይሂድ። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፤ የወፈረ ስቱኮ ላይ ግን አይዝም። ይህን ያህል ቀላል ነው።

ልጁ ከሄደ በኋላ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥቁሯ ሞተር ኩርባውን እስክትታጠፍ አያት። «ከኋላው ሰው ሊጭንባት ነው አይደል?» አለኝ።

አዎ፣ ሊጭንባት ነው።

ቸር እንሰንብት።