መምህሩና ተማሪዋ በአንድ ግቢ ሲከራዩ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ወረዳ ከተሞች በሚያስገቡ የገጠር መንገዶች ላይ ስንቅ የያዙ ተማሪዎች ይታያሉ። ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው፣ ለሦስት ለአራት ሆነው ወደ ተከራዩት ክፍል ይገባሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው በከተማው ነውና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ኑሯቸው ከወላጅ ዓይን የራቀ ነው። በዚያው ግቢ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ተከራይ ይኖራል፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ አገሩ ሩቅ የሆነ፣ በደመወዙ ከዚህ የተሻለ ቤት መከራየት ያልቻለ ወጣት መምህር።

ሁለቱ ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበዳደራሉ። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ግን አንዱ ማርክ ሰጪ፣ ሌላዋ ማርክ ጠባቂ ሆነው በክፍል ውስጥ ይገናኛሉ።

በመምህርና በተማሪ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ድንበር ሲነሣ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ ጠባይ ሆኖ ይቀርባል፤ ጨዋው ይጠብቀዋል፣ ባለጌው ያፈርሰዋል ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። አርሶ አደሩ የማሳ ወሰን በባለማሳው ጨዋነት ብቻ እንደማይጸና ያውቃል፤ የድንበሩ ድንጋይ የሚተከለው ጎረቤት ባለበት ነው። የትምህርት ቤቱ ድንበር ግን ምስክር በሌለበት፣ ገና ሥራውን እየተማረ ባለ ወጣት ትከሻ ላይ ብቻ ተጥሏል።

የዕድሜው ስሌት ራሱ አስቸጋሪ ነው። በ7 ዓመቷ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ሳታቋርጥ ከተማረች 12ኛ ክፍልን የምትጨርሰው በ18 ወይም በ19 ዓመቷ ነው። በገጠር ግን ከብት ጥበቃውና የቤት ውስጥ ሥራው ልጆችን ያዘገያል፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትና ግጭትም በርካቶችን ከክፍል አስወጥቷል። ስለዚህ 20 ዓመት የሞላት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም። መምህሩ ደግሞ 22 ወይም 23 ቢሆነው ነው። ነገሩ በዚህ ትውልድም አልተጀመረም፤ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ለአገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲላኩ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር።

ይሁን እንጂ ድንበሩን የሚያስፈልገው ያደረገው የዕድሜ ልዩነት አይደለም፤ ሥልጣን ነው። የቤት ሥራው፣ የክፍል ተሳትፎው፣ የቡድን ሥራው ነጥብ በመምህሩ እጅ ነው። ተማሪዋ ከክፍል ወደ ክፍል የምታልፈው በዚያ ነጥብ ነው። ከክፍል ከወደቀች ደግሞ አባቷ በሚቀጥለው ዓመት የቤት ኪራይ መክፈሉን ሊያቆም ይችላል። ይህን ሁሉ የምታውቅ ልጅ መምህሯን «እምቢ» ለማለት ያላት አቅም ከእኩያዋ ጋር ስትሆን ካላት ጋር አይተካከልም። ወጣቱ መምህር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህንን ነው፤ ራሱን እንደ እኩያ ያያል፣ እሷ ግን ማርኳን ታያለች።

ነገሩ የሚጀምረውም በትልቅ በደል አይደለም። «ውኃ ቅጂልኝ»፣ «ደብተሮቹን ቤት አድርሺልኝ»፣ «ቡና አፍዪልኝ» በሚሉ ትንንሽ ትእዛዞች ነው። ለታላቅ መታዘዝ በገጠር የአስተዳደግ ወግ ነው፤ የቆሎ ተማሪም የኔታን እያገለገለ ነው የሚማረው። ወላጁ ራሱ ልጁን ሲያስረክብ «አደራ፣ ልጅህ ናት፣ እዘዛት» ይላል። አደራ ተቀባዩ የ23 ዓመት ወጣት መሆኑ በዚያች ሰዓት አይታሰብም። ስልኩ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የትምህርት ማስታወሻ በቴሌግራም የክፍል ቡድን መላኩ ጠቃሚ ነው፤ በዚያው ስልክ ከምሽቱ አራት ሰዓት ለአንዲት ተማሪ ለብቻዋ የሚላክ መልእክት ግን፣ ስለ ሒሳብ ጥያቄ ቢሆንም እንኳ፣ በር ዘግቶ እንደ ማስጠናት ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ተበዳይዋ የአድራጊው ተማሪ ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ከፍ ይላል። «ፈቅዳ ነው» ማለት ከወንጀሉ ነጻ አያወጣም። «18 ሞልቷታል» የሚለውም ሁሌ አያድንም፤ አንቀጽ 625 በመምህርነት ያገኘውን ሥልጣን ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው አቤቱታ ሲቀርብበት በእሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ወጣት ወንድ ተማሪ ላይ ይህን የምትፈጽም ሴትም በሕጉ ተጠያቂ ናት።

በተግባር ግን ነገሩ ከፖሊስ በፊት ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። የልጅቷ ቤተሰብ ስሙ እንዳይነሣ ይፈልጋል፤ የመምህሩ ወገን ሥራው እንዳይቀርበት ይሰጋል፤ ሽምግልናው «ያግባት» በሚል ይቋጫል። ቀድሞ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር፤ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ይህን መውጫ ዘግቶታል። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ማግባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሽምግልና የመሬትና የደም ጠብ ያበረደ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚታረቁት ሁለቱ ቤተሰቦች ሲሆኑ ከትምህርት ገበታ የምትነሣው ልጅቷ ናት። በዚያ ዓመት ከዚያ ቀበሌ ሌሎች አባቶችም ሴት ልጆቻቸውን ወደ ከተማ ለመላክ ያመነታሉ።

ሌላው ጉዳት እምብዛም አይወራም። ስሙ እንዳይነሣ የፈራ ወጣት መምህር ሴት ተማሪዎችን ፈጽሞ ይሸሻል፤ ጥያቄ ይዘው ቢሮ ሲመጡ ቶሎ ይሸኛቸዋል፣ ለወንዶቹ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ይህ ድንበር መጠበቅ አይደለም፤ ከማጠናከሪያ ትምህርቱ ሴቶቹን ማስወጣት ነው። ተገቢው ርቀት የሚጠበቀው በመሸሽ ሳይሆን ሥራውን በአደባባይ በመሥራት ነው፤ ማስጠናቱ በቡድን፣ በክፍል ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፤ ደብተር ማሰባሰቡ በቢሮ፤ የማርክ ቅሬታው በክፍል ኃላፊው መምህር ፊት።

ከዚህ ያለፈውን መምህሩ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ርዕሰ መምህሩ አዲስ የተመደበን ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ጠርቶ ስለ ደመወዝ ፎርም ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ሊነግረው ይገባል። ተማሪዋ ቅሬታዋን የምትነግራት አንዲት ሴት መምህርት በስም መታወቅ አለባት። ኅብረተሰቡ አዋጥቶ የመምህራን መኖሪያ የሠራባቸው አካባቢዎች አሉ፤ ቤቱ የተሠራው መምህሩ እንዲረጋ ታስቦ ቢሆንም ግቢ መጋራቱንም ያስቀራል።

መስከረም ሲጠባ ወላጆች ለልጆቻቸው ቤት ሊያዩ ወደ ከተማ ይወጣሉ። ኪራዩን ይከራከራሉ፣ ውኃው ቅርብ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ የበሩን ቁልፍ ይሞክራሉ። ከጎን ያለውን ክፍል ማን እንደያዘው አከራይዋን መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም፤ የጎረቤቱ ተከራይ መምህር ከሆነም ለልጅቷ ሌላ ግቢ መፈለግ ማንንም መስደብ አይደለም።