እንዶድን 27 ዓመት ያስጠበቀው ምንድን ነው?

«በእንስሳት ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ይቁም» የሚሉ ወገኖች ልባቸው ደግ ሊሆን ይችላል። የእንዶድን ታሪክ ግን ዘንግተዋል።

ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ አካባቢ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ የሚዛመተው በቀንድ አውጣ ነው። መፍትሔው በየጓሮው በቅሎ ነበር ማለት ነው!

ዓለም አቀፍ ተቋማት ግን «ደረጃውን በጠበቀ ቤተ ሙከራ፣ በእንስሳት ጭምር ተፈትሾ ደኅንነቱ ይረጋገጥ» አሉ። ያ ጥናት በውጭ አገር ባለሙያዎችና ቤተ ሙከራዎች ድጋፍ ተጠናቆ የታተመው በ1991 ነው። ድፍን 27 ዓመት!

«እንግዲያው ጥፋተኛው ሙከራው ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነበር። በደሉ መልሱን በራስ አቅም መስጠት አለመቻሉ ነው።

እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየት ነውር ነው፤ በሌላ ዘዴ የሚተካው ሙከራ ይተካ። የማይተካውን ግን አገር ራሷ፣ በሕግና በጥንቃቄ፣ በራሷ ቤተ ሙከራ ትሥራው። የራሷን መድኃኒት መመርመር ያልቻለች አገር ዕፅዋቷ በደጇ እያለ የሰው ፈቃድ ስትጠብቅ ትኖራለች። የሰው ወርቅ አያደምቅም።