ፊሽካውን ከአንገታችሁ አውርዱ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የታዳጊ ሴቶች የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ እያየሁ ነበር። የሜዳው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል፤ አንደኛው ቅርጫት ወደ ግራ ዘምሟል፤ መረብ የለውም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ኳስ ተቀብላ ዞር ስትል ሁለት ተጋጣሚዎች ጥግ ላይ ዘጉባት። ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ደርቃ ቀረች። ይኼኔ ከሜዳው ዳር ጩኸት መጣ። «ምን ሆነሻል? ንቂ እንጂ! ተኝተሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ልጅቷ በርግጋ ኳሱን ወደ ሰማይ ለቀቀችው። ተጋጣሚዎቿ ቀልበው ሮጡ፣ አገቡ። አሰልጣኙ የፕላስቲኩን ወንበር በእርግጫ መትቶ «ውጪልኝ!» አላት። ወጣች፤ ፊቷን በማሊያዋ ሸፍና ተቀመጠች።

አጠገቤ የቆሙ አንድ ጠና ያሉ አባት ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። «አሰልጣኝ ማለት እንዲህ ነው፤ ቀልድ አያውቅም» አሉኝ።

እዚያው መመለስ አቃተኝ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። እዚህ ልመልስላቸው። ጋሼ፣ ያ ሰው በዚያች ደቂቃ አሰልጣኝ አልነበረም። እንደ እርስዎና እንደ እኔ ተመልካች ነበር፤ ከእኛ የሚለየው አንገቱ ላይ ፊሽካ ማንጠልጠሉ ብቻ ነው።

እስቲ «ንቂ» ምን ማለት ነው? በየትኛው እግር ነው የሚነቃው? ጥግ ላይ ሁለት ሰው የዘጋባት ልጅ ማድረግ ያለባት የታወቀ ነው። ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ትላለች። ኳሱን ከደረቷ አውርዳ በዳሌዋ በኩል ከተከላካዮቹ ታርቃለች። አንዱን እግሯን እንደ ምሰሶ ተክላ በሌላው ትዞራለች፣ ፒቮት የሚባለው ይህ ነው፤ በሁለቱ መሀል በምትከፈተው ቀዳዳ እግሯን ታስገባና ወደ መሀል የመጣችላትን ጓደኛዋን ታያለች። ጓደኛዋም መምጣት እንዳለባት ማወቅ አለባት። ይህ ሁሉ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ተመልካች በሌለበት ሜዳ፣ እስኪሰለች ተደጋግሞ የሚሠራ የእግር ሥራ ነው። ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ዕለት «ፒቮት!» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ስላልተሠራ ጮኸ። ሰውዬው ለሰፈሩ ሁሉ የልጅቷን ጥፋት ያወጀ መስሎታል፤ ያወጀው የራሱን ባዶ ማክሰኞ ነው።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹህ ሆኜ አይደለም። እኔም ስምንት ዓመት ታዳጊዎችን አሰልጥኛለሁ፤ እኔም ጮኼያለሁ። በቁንጥጫና በኩርኩም ያደግን ነን። የእኔ አሰልጣኝ ሲናደድ ኳሱን በሙሉ ኃይሉ ጀርባችን ላይ ይለቅብን ነበር፤ እኛም ካደግን በኋላ ቡና እየጠጣን «ሰው ያደረገን እሱ ነው» እያልን እናወራለት ነበር። ተራው ሲደርሰኝ የወረስኩትን አወረስኩ።

ቡድኔ ውስጥ አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ቁመት አለው፣ እጁ ኳስ ይወዳል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከል ላይ ግን ይጎተታል። «ሰነፍ» አልኩት። አንድ ቀን አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ። «ሩጥ አንተ ሰነፍ!» ጓደኞቹም ስሙን ትተው «ሰነፉ» አሉት። የመጨረሻው ጨዋታ ያለቀ ቀን፣ ሁሉም ሲበተን፣ ከመልበሻው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ ደረስኩበት። የታላቅ ወንድሙ 43 ቁጥር ጫማ ነው፤ የእሱ እግር 40 ቢሆን ነው። እንዲሞላለት ሁለት ካልሲ ደርቧል። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተጨማዶ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ጨርቁ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሲያየኝ ቶሎ ብሎ ጫማውን መልሶ አጠለቀው። ያፈረው እሱ ነው። ያን ሁሉ ወር አፌን ስከፍት ኖሬ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ እግሩን አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጆን ዉደን አነበብኩ። የአሜሪካው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር፤ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሩን የኮሌጅ ዋንጫ የወሰደ፣ ሰባቱን በተከታታይ፣ 88 ጨዋታ ሳይሸነፍ የተጓዘ ሰው። ይህ ሰው በየዓመቱ ልምምድ ሲጀምር፣ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ተመርጠው የመጡትን ኮከቦች አስቀምጦ የሚያስተምራቸው ካልሲ አጠላለቅ ነበር። ተረከዙና ጣቶቹ ጋ በእጅ እየተዳበሰ እጥፋት እንዳይቀር፣ የጫማው ማሰሪያም በደንብ እየተሳበ እንዲጠብቅ። የተጨማደደ ካልሲ እግርን ውሃ ያስቋጥራል፤ ውሃ የቋጠረ እግር ልምምድ ያስቀራል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። የእኔ «ሰነፍ» ትዝ አለኝ።

ቀጥዬ ያነበብኩት ደግሞ ባሰብኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 እና 75 የውድድር ዘመን ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የዉደን ልምምድ ላይ ተቀምጠው ከአፉ የሚወጣውን ይቆጥሩ ነበር። ከ2,300 በላይ የማስተማር ድርጊት መዘገቡ። ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው መረጃ ነው፦ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚሠራ። ሙገሳውም ንጹህ ቁጣውም እያንዳንዳቸው 7 በመቶ አይሞሉም። ሲቆጣ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከቁጣው ጋር ትክክለኛውን አሠራር ያስከትል ነበር። ሰውዬው በፊት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ሜዳውንም ክፍል አደረገው። ልምምዱን በደቂቃ ከፋፍሎ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ለዝግጅቱ የሚያጠፋው ጊዜ ልምምዱን ከሚመራበት ጊዜ ብዙም አያንስም።

እኔም ራሴን ልቁጠር አልኩ። ከአንድ ወላጅ ስልክ የተገለበጠ የድሮ ጨዋታ ቪዲዮ ነበረኝ። ደብተር ገለጥኩ። በቀኝ በኩል ልጅ ሊሠራበት የሚችል ቃል፣ በግራ በኩል የእኔ ንዴት። የመጀመሪያው ኳርተር ሳያልቅ የግራው ገጽ በጭረት ተሞላ። በቀኙ አራት ጭረት ብቻ ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ያመመኝ ሌላ ነው፤ ልጆቹ ኳስ ባቀበሉ ቁጥር ዞረው የሚያዩት ቅርጫቱን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር። አምስት ልጆች ሜዳ ላይ ሆነው ኳስ አይጫወቱም፤ እኔን ይጠብቃሉ።

አሁን «ጩኸት ዋንጫ ያመጣል» የሚሉኝ ይመጣሉ። አውቃለሁ፣ አሜሪካዊውን አሰልጣኝ ቦቢ ናይትን ይጠሩልኛል። ይጥሩ። ናይት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ይዞ ሦስት ጊዜ የኮሌጅ ዋንጫ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. የ1976 ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የጨረሰው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ከፐርዱ ጋር ሲጫወት በንዴት ወንበር አንሥቶ ሜዳ ውስጥ ወረወረ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ያን ቀን መሸነፉን ግን የሚያወራ የለም። ናይትን ለድል ያበቃው ያለ ማቋረጥ የሚንቀሳቀስ የማጥቃት ሥርዓቱና ሰው ለሰው መከላከሉ ነው፤ ያንን ለማስተማር ሌት ተቀን የደከመ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኢንዲያና ያባረረው ደግሞ ያው ቁጣው ነው። የእኛዎቹ ከእሱ የቀዱት ወንበሩን ብቻ ነው። እውቀቱ ይከብዳል፤ ፕላስቲክ ወንበር ግን ማንም ያነሣል።

«ታዲያ እናሞላቅቃቸው?» አይደለም። አሜሪካዊቷ አሰልጣኝ ፓት ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1974 በ22 ዓመቷ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ስትረከብ ማሊያ የምታጥበውም ራሷ ነበረች። ዓይኗ ብቻ ያስፈራ ነበር ይባላል፤ ጠንካራ ሰው ነበረች። 1,098 ጨዋታ አሸንፋ ስምንት ዋንጫ ወሰደች። ነገር ግን እሷ ዘንድ የጨዋታ ዘመኗን የጨረሰች ልጅ ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ወጥታለች። ጥንካሬ ማለት ይሄ ነው፤ ልጅን ጨክኖ ማስሠራት፣ መጨረሻዋንም መጠየቅ። የቅዳሜዋ ልጅ መጨረሻ ማን ጠየቀ?

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወደዚያ አሰልጣኝ ሄድኩ። ወጣት ነው። «ወንድሜ፣ ያቺ ልጅ ጥግ ላይ ስትዘጋ ምን እንድታደርግ ነበር የፈለግከው?» አልኩት። «እንድትነቃ ነዋ ጋሼ።» «እሺ፣ እግሯንስ?» ዝም አለ። ፊሽካውን በጣቱ ጠቀለለ፣ ፈታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔንም ማንም አላስተማረኝም» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ አቅጣጫ የቀየረው። ይህን ልጅ «ድሮ ጥሩ ተጫዋች ነበርክ» ብላችሁ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያሰራችሁ ሰዎች፣ አንድ ቀን ልምምዱ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? የምትጠይቁት ዋንጫውን ነው። ሳሩን አይታችሁ ገደሉን ሳታዩ፣ የርእሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የሚቆም ቆርቆሮ ፍለጋ ልጆች ታስረግጣላችሁ። ዉደን የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው ዩሲኤልኤ በገባ በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። እናንተ ዘንድ ቢቀጠር በሁለተኛው ዓመት «ለውጥ አላመጣም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰው ነበር።

ኳስ የለም፣ ሜዳ የለም የሚለውንም ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ለዐሥራ አምስት ልጅ ሁለት ኳስ ይዤ ሠርቻለሁ። ግን ፒቮት ያለ ኳስ ይሠራል። የመከላከል አቋቋም ያለ ኳስ ይሠራል። ካልሲ መጎተት ኳስም ሜዳም አይፈልግም። የልምምድ ዕቅድ የሚጻፍበት ደብተር ከፊሽካው አይወደድም።

ስለዚህ አሰልጣኞች፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለሚቀጥለው ጨዋታ ፊሽካውን አውልቁና ደብተር ያዙ። አንድ ጓደኛችሁን ከወንበራችሁ ኋላ አስቀምጡ፤ ከአፋችሁ የሚወጣውን በሁለት ዓምድ ይጫርላችሁ። ጓደኛ ካጣችሁ እኔ እመጣለሁ፤ እስክሪብቶም አለኝ። የግራው ገጽ ከሞላ ሰኞ ዕለት ልጆቹን አትሰብስቡ፤ ራሳችሁን ሰብስቡ። ከዚያ ማክሰኞ ልምምድ ስትጀምሩ ልጆቹን አስቀምጡና ጫማ አስወልቁ። የምታዩትን ታያላችሁ።

እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ባለፈው ዓመት ከሜክሲኮ ሚኒባስ ተሳፍሬ አጠገቤ የተቀመጠ ረጅም ጎልማሳ ደጋግሞ ያየኛል። በመጨረሻ ፈገግ አለና «ኮች፣ አላወቁኝም?» አለኝ። ፊቱን ባውቀውም ስሙ አልመጣልኝ አለ። ጨንቆኝ ሳለ እሱ ራሱ ረዳኝ። «ሰነፉ ነኝ» አለና ከልቡ ሳቀ። ሂሳቤን ከፈለልኝ።

«ወራጅ አለ» አልኩ። መውረጃዬ ገና ነበር።