ዘይት ያልነካው ስፖንጅ ማጣሪያ አይደለም

ከዋጃ ወደየቀበሌው የሚገባው መንገድ በበጋ ምን እንደሚመስል ለናንተ አይነገርም። ጎርፍ ከተራራው ያወረደው ደለል ሲደርቅ ዱቄት ነው የሚሆነው። አንድ መኪና ካለፈ ከኋላው ያለው ሞተረኛ ማን እንደሆነ አይለይም። እኛስ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ሸፍነን እናልፈዋለን። ሞተሩስ?

ለሞተሩም መሸፈኛ ተሠርቶለታል፤ የአየር ማጣሪያው ነው። የልማት ባለሙያዎች በሚነዷቸው እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ ባሉት ላይ ይህ ማጣሪያ ስፖንጅ ነው። ታዲያ "ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይስባል፤ ደረቁን ተወው" የሚል ምክር ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል። ወገኖቼ፣ ይሄ ምክር ሞተር ገዳይ ነው!

እስቲ ስፖንጁን ወደ ብርሃን ያዙት። ቀዳዳው በዓይን ይታያል። ወንፊት ጠጠር ያስቀራል እንጂ ዱቄት አያስቀርም፤ የኛ አቧራ ደግሞ ዱቄት ነው። አቧራውን የሚይዘው ስፖንጁ ላይ ያለው ዘይት ነው። አየሩ በጠማማው ቀዳዳ ሲሽሎከሎክ አቧራው ማር ላይ እንዳረፈች ዝንብ ተጣብቆ ይቀራል። "አቧራ ይስባል" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የተቀባው ለዚሁ ነዋ! እዚያ ካልተያዘ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት የሲሊንደሩን ብረት ይፍቃል። ከሞተር ዘይት ጋር ሲለወስ ሞረድ ሆኖ ፋሻውንም ሲሊንደሩንም ይበላል። ከዚያ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ዘይት ይጠጣል። ያኔ "የዘንድሮ ሞተር ጥራት የለውም" ይባላል።

"አየር እንዲያገኝ" ብሎ ጨርሶ አውጥቶ የሚጥለውም አለ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አውድማውን በእበት ሳይለቀልቅ ጤፍ የሚወቃ ገበሬ አለ? ለጤፉ አፈር እንዳይገባበት የምንጠነቀቀውን ያህል ለሞተሩ ለምን አንጠነቀቅም?

ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። ስፖንጁን አውጡና የአየር መግቢያውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። በቤንዚን አትጠቡ፤ እሳት ያስነሳል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። በላምባ እጠቡት፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ እያለቃለቃችሁ እጠቡ። ጭመቁ እንጂ አትጠምዝዙ፤ ይቀደዳል። በኮምፕረሰር አታስነፉት። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ የማጣሪያ ዘይት፣ ከጠፋ ንጹሕ የሞተር ዘይት አፍስሱበት፤ እስኪዳረስ እሹትና ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ። መርጠብ አለበት፣ መንጠባጠብ ግን የለበትም። ከንፈሩን ግራሶ ቀቡት፤ በጎን ሾልኮ የሚገባ አየር ልፋታችሁን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የተቀደደ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ይቀየር። የናንተ ሞተር ማጣሪያ ወረቀት ከሆነ ግን ዘይት እንዳታስነኩት፤ ይደፈናል።

አሁን ደግሞ ለመሥሪያ ቤቶች። ለሞተር ነዳጅ ይመደባል፤ ለማጣሪያ ዘይት ግን ማን አሰበ? ሞተሩ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲዛወር ቁልፉና ሊብሬው ይቆጠራል፤ ማጣሪያውን ከፍቶ የሚያይ የለም። የሁሉ የሆነ የማንም አይደለም። ፒስተንና ፋሻ ለማስቀየር ከሚወጣው ብር ጋር ሲተያይ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ምንም አይደለም። ርክክብ ሲደረግ ማጣሪያው ተከፍቶ ይታይ፣ ይፈረምበት።

ጉዳዩ የሞተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንበጣው ራያ ቆቦን ሲወር፣ ለደረሰ ማሽላና ጤፍ የአንድ ቀን መዘግየት ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ተምች ታየ ሲባል ባለሙያው ማሳው ላይ መድረስ አለበት። ሞተሩ ጋራዥ ከተኛ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ተባዩ ደግሞ አይጠብቀውም።

ስለዚህ በበጋ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ክፈቱና እዩ። ከቆሸሸ እጠቡ፣ ከታጠበ ዘይት ቀቡ። ደረቅ ስፖንጅ ገጥሞ "ማጣሪያ አለኝ" ማለት ግን ይብቃን።