ነጠብጣቡ ሲጸዳ ንቅሳቱ እንዳይጠፋ

ክርስትናው አልፏል። እንግዶቹ ተሸኝተዋል፣ ድንኳኑ ፈርሷል፣ የተረፈው ድፎ ዳቦም ለጎረቤት ተዳርሷል። ከቀናት በኋላ ፋታ ያገኙና የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ላፕቶፕዎ ላይ ይሰካሉ። ስክሪኑ ላይ በትንንሹ የተደረደሩት ፎቶዎች ደስ ይላሉ። አንዱን ከፍተው ሲያሰፉት ግን፣ በተለይ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳውን፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቷል። የሕፃኑ ነጭ ልብስ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፎቶው አንድ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን 480 ናቸው።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ወር የማወጋዎት ስለዚህ ነጠብጣብ ነው። ባለሙያዎቹ «ኖይዝ» ይሉታል። እያንዳንዱን ፎቶ ከፍተው በሁለት ሁለት ደቂቃ ላጽዳ ቢሉ 16 ሰዓት ይፈጅብዎታል። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማጽዳትም ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ እነግርዎታለሁ። ሳይታሰብበት ሲደረግ የሚያስከትለውን ጣጣም አብሬ አነሳለሁ፤ እኔ ላይ ደርሶብኛልና።

ነጠብጣቡ ከየት ይመጣል?

ሲኒዎችን ደርድረው ዝናብ ላይ አወጡ እንበል። የሐምሌ ዶፍ ለአንድ ደቂቃ ቢወርድባቸው በሁሉም ሲኒ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ተቀራራቢ ነው። ካፊያ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢያርፍባቸው ግን አንዱ ሦስት ጠብታ፣ አጠገቡ ያለው ሰባት ሊደርሰው ይችላል፤ ሌላው ደረቁን ይቀራል። የካሜራዎ ሴንሰር በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሲኒዎች አሉት። ዝናቡ ብርሃን ነው። አንዱ ሲኒ በአማካይ 10,000 የብርሃን ቅንጣት ሲደርሰው ልዩነቱ ወደ 100 ገደማ፣ ማለትም 1 በመቶ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። 100 ቅንጣት ብቻ ሲደርሰው ግን ልዩነቱ ወደ 10 ይሆናል፤ ይህ 10 በመቶ ነው። ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየን ይህ ልዩነት ነው።

«አይኤስኦ» የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ብርሃን የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይጨምርም። ካሜራው የሰበሰበችውን ጥቂት ብርሃን ያጎላል እንጂ። በደንብ የማይሰማ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፁን ሲጨምሩለት ከጀርባው የሚንሿሿውም አብሮ እንደሚጨምር ማለት ነው። ስለዚህ ግቢ ውስጥ በፀሐይ፣ በአይኤስኦ 200 የተነሳው ፎቶና ሳሎን ውስጥ ማታ፣ በ6400 የተነሳው ፎቶ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሰጣቸውም።

ነጠብጣቡ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቀለም ነው፤ ጥቁር ሱፍ ልብስ ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው። ይህን ያለ ብዙ ሐሳብ ማጽዳት ይቻላል። ሁለተኛው የብርሃን ነው፤ ደቃቅ አሸዋ የመሰለው። አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ምክንያቱም የነጠላ ፈትል፣ የጸጉር ዘለላ፣ የፊት መስመር ለኮምፒውተር ከዚህ አሸዋ ጋር ይመሳሰላሉ። ላይትሩም የተባለው ፕሮግራም በተለመደው አቀማመጡ፣ ለጥሬ ፋይል የቀለሙን ማጽጃ 25 ላይ፣ የብርሃኑን ግን 0 ላይ አድርጎ የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ራሱ ይሠራል፣ ሁለተኛውን ለእርስዎ ይተዋል።

የእማማ አንገት

ከዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ፎቶ አንሺው እኔ ነበርኩ። ማታ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ አያቴን ሕፃኑን ታቅፈው አነሳኋቸው። እማማ የጎጃም ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት አንገታቸውን ከቦት ነበር፤ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዞ፣ ቀርበው ካላዩት የማይለይ።

በዚያ ሰሞን ሁሉንም ፎቶ በአንድ ጊዜ ማጽዳት መቻሌ አስደስቶኝ ነበር። አንዱን በጣም የጨለመ ፎቶ ከፈትኩ፣ ነጠብጣቡ ድራሹ እስኪጠፋ ማጽጃውን ከፍ አደረግሁ፣ ያንኑ ልክ ለሁሉም ሰጠሁና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም እንደ መስታወት ጠርተው ጠበቁኝ። ሃርድ ዲስኬ ሞልቶ ስለነበር ዋናዎቹን ፋይሎች አጠፋኋቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እማማ አረፉ። ለአርባቸው ፎቷቸው በትልቁ ታትሞ እንዲቀመጥ ተባለና ያንን አመጣሁ። እናቴ ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ንቅሳቷ የታለ?» አለችኝ።

አልነበረም። የአንገታቸው መስመርም፣ በዓይናቸው ዳር የነበረው ሽብሽብም አልነበረም። ለፕሮግራሙ ያ ሁሉ ነጠብጣብ ነበር፤ እንዲያጠፋ ታዘዘ፣ አጠፋ። ደግነቱ እህቴ በዚያው በክርስትናው ዕለት ካርዱን ፍላሽ ላይ ገልብጣው ኖሯል። ባትገለብጠው ኖሮ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶ የሌላ ሴት ይመስል ነበር።

ልኩን ፎቶው ራሱ ይወስን

የኔ ስህተት በጅምላ መሥራቴ አልነበረም። ለሁሉም አንድ ልክ መስጠቴ ነበር። ካሜራ እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ በስንት አይኤስኦ እንደተነሳ ይመዘግባል። ጥሩው መንገድ የማጽጃው ልክ ይህን ቁጥር እንዲከተል ማድረግ ነው።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጉ ዳርክቴብል የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ውስጡ «ዲኖይዝ ፕሮፋይልድ» የሚባል ማጽጃ አለ። ብዙ የካሜራ ሞዴሎች በየአይኤስኦው ምን ያህል ነጠብጣብ እንደሚያወጡ ተለክቶ ተቀምጦለታል፤ ስለዚህ ካሜራዎ በዝርዝሩ ውስጥ ካለች መነሻ ልኩን ራሱ ያገኘዋል። የሚወዱትን ልክ «ፕሪሴት» አድርገው ያስቀምጡና ፕሮግራሙ በራሱ እንዲጠቀምበት ይዘዙት። ከስንት እስከ ስንት አይኤስኦ እንደሚሠራ ሲጠይቅዎ ለምሳሌ ከ1600 በላይ ይበሉት። ከዚያ በኋላ አዲስ የሚያስገቡት ሁሉ፣ ቁጥሩ ከተመጣጠነ ብቻ ይጸዳል። የግቢው ፎቶ አይነካም።

ላይትሩም ክላሲክ ያላቸው ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። አንድ በዝቅተኛ፣ አንድ በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሱ ፎቶዎች ይምረጡና እያንዳንዱን ለብቻው፣ በሚበቃው ልክ ያጽዱ። ሁለቱን አንድ ላይ መርጠው ፕሪሴት ሲፈጥሩ ከአይኤስኦ ጋር እንዲለዋወጥ የሚያደርገውን ምርጫ ምልክት ያድርጉበት። በሁለቱ መካከል ላሉት ፎቶዎች ፕሮግራሙ ራሱ ልኩን ያሰላል። ፎቶዎቹ ከካርዱ ሲገቡ ጀምሮ ይህ ፕሪሴት እንዲያርፍባቸው ማድረግም ይቻላል።

ላይትሩም ከሚያዝያ 2023 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ «ዲኖይዝ» ጨምሯል። ብዙ ፎቶ መርጠው በአንድ ጊዜ ሊያዙት ይችላሉ፤ ጥራቱም ከድሮው ይበልጣል። ነገር ግን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ለአንዱ ፎቶ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የጨለሙትን ብቻ ይምረጡለት፣ ቻርጀሩን ይሰኩና ሌሊት ይሥራ።

ከመጀመርዎ በፊት

እነዚህ ማጽጃዎች በደንብ የሚሠሩት «ሮው» በሚባለው ጥሬ ፋይል ላይ ነው። ጄፔግ ሆኖ የወጣውን ካሜራው ራሱ አስቀድሞ አጽድቶታል። ስልክዎም እንደዚያው ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች ማታ ሲያነሱ በርካታ ፎቶዎችን አከታትለው ወስደው አንድ ያደርጓቸዋል፤ ነጠብጣቡም ያን ጊዜ ይቀንሳል። በላዩ ላይ ሌላ ማጽጃ ሲጨመርበት ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። የስልክ ፎቶዎችን በሌላ ፎልደር ለይተው ያስቀምጡ።

ሁሉንም ከማዘዝዎ በፊት አራት ፎቶ ይሞክሩ፦ አንድ የግቢ፣ አንድ የቤት ውስጥ፣ አንድ የሕፃን ፊት፣ አንድ የአዛውንት ፊት። እያንዳንዱን 100 በመቶ አስፍተው ይዩ። የዓይን ሽፋሽፍት ይቆጠራል? የጥበቡ ጥለት ክር ክሩ ይለያል? የእጅ ቆዳ ቆዳ ይመስላል? አንዱ ከጎደለ ማጽጃውን ዝቅ ያድርጉ። ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀር አይጨነቁ፤ ፎቶው በመጠነኛ ወረቀት ሲታተም አብዛኛው አይታይም። የጠፋ መስመር ግን አይመለስም።

የአዛውንቶችን ፎቶ ከጅምላው ያውጡ። ከ480ው ውስጥ ምናልባት 20 ቢሆኑ ነው። እነሱን በእጅዎ፣ አንድ በአንድ ይሥሯቸው።

ዋናውን ፋይል አያጥፉ። ዳርክቴብልም ሆነ ላይትሩም እርስዎ ያደረጉትን ለውጥ ለብቻው መዝግበው ዋናውን ሳይነኩ ያስቀምጣሉ። የሚያጠፋው እንደኔ ያለ ችኩል ሰው ነው። የጸዱትን በሌላ ፎልደር ያውጡ፣ ዋናዎቹን በሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፣ ካርዱን ለሌላ ሥራ የሚያጸዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለሚቀጥለው ድግስ ደግሞ ሥራውን ከምንጩ ይቀንሱት። ብርሃኑ አራት እጥፍ ሲሆን የነጠብጣቡ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። መጋረጃውን ይክፈቱ፣ ተጨማሪ አምፖል ያብሩ፣ እማማን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው ያስቀምጡ። አጨልመው አንስተው በኋላ በኮምፒውተር አበራዋለሁ አይበሉ፤ ጥላ ውስጥ የተደበቀው ነጠብጣብ ሁሉ አብሮ ይወጣል።

የእማማን ፎቶ ከፍላሹ አውጥቼ እንደገና ሠራሁት። የቀለሙን ነጠብጣብ አጸዳሁ፣ የብርሃኑን በትንሹ ብቻ ነካሁ። ጥላው ላይ ዛሬም ደቃቅ አሸዋ ይታያል። እናቴ ግን ስታየው በጣቷ አንገቱን ዳሰሰች፤ «አዎ፣ ይቺ ናት» አለች።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።